ያልሰመጠችው

በኢድ ዋዜማ ማታ፣ በሜግና ወንዝ ዳር፣
ሰው በሰው ላይ ቆሞ እንደ አገዳ እስር፣
ወደ ቦላ ደሴት የምትሄድ አንዲት መርከብ ነበር።
ፎቋ ሞልቶ ተርፎ ጣራው ላይ ተወጣ፤
አንዱ ፍየል ስቦ፣ አንዱ አልጋ ይዞ መጣ።

በጎኗ የተሳለው ቀዩ የልክ መስመር
ውሃ ውስጥ መግባቱን፣ መጥለቁን በስንዝር፣
ጎንበስ ብሎ አየ በባትሪ መብራቱ
የወንዝ ፖሊሱ፤ ኒርማል፣ ባሮይ ነው አባቱ፤
ጫማው ሁለት ቦታ በሽቦ የታሰረ፣
ዝናብ የበላው ኮፍያ ያጠለቀ ነበረ።
ገመዱን ረግጦ፣ ቀጥ ብሎ እንደ ግንድ፣
አንድ ነገር አለ፦ «ሁለት መቶ ይውረድ።»

ካፒቴኑ ሳቀ። አጠገቡ መጣ፣
ከደረት ኪሱ ውስጥ ፖስታ ብጤ አወጣ፤
«ኢድ የሁላችን ነው፣ ለልጆች ልብስ» አለ።
ኒርማል ፖስታውን ትቶ ውሃውን እያስተዋለ፣
«ልብስ አላቸው» አለው።
ኋላ እንደሰማሁት፣ አልነበራቸውም።

ካወረዳቸው ውስጥ አንደኛው እኔ ነበርኩ፤
የእህቴን የሰርግ ሣጥን ጭቃ ላይ ወረወርኩ፣
ስድብ የተባለ የማውቀውን ሰደብኩ።
«ሌባ» አልኩት፤ ሌባ! «ቢሞላለት ኖሮ
ገመዱን በጥርሱ ይበጥስ ነበር ገና ድሮ!»
አንዲት ባልቴትም በሳሪዋ ጫፍ እንባዋን እያበሰች፣
«ልጄን እንደነፈግከኝ ልጅህን አትይ» ስትል ረገመች።
እሱ ግን ይቆጥራል፣ በጣቱ፣ በከንፈሩ፤
ሲያቋርጡት ደግሞ እንደገና ከሥሩ።
ቀዩ መስመር ብቅ ሲል፣ ውሃ ሲያንጠባጥብ፣
ገመዱን ፈታላት።

ከዚያ መጣ ወጀብ።

እኩለ ሌሊት ላይ ሰማይ ተቀደደ፤
ሜግና እንደ ጎሽ መንጋ እያጓራ ነጎደ፤
የወደቡ ቆርቆሮ ቅጠል ሆኖ ሄደ።
እኛ በመጋዘን፣ ጆንያ ላይ ተጋድመን፣
እስኪነጋ ድረስ፣ ንፋሱን ትተን እሱን ረገምን።
ሲነጋም ወረቀት ለምኜ አንድ ነገር ጻፍኩ፣
በአራት አጥፌ ለአለቃው ሰደድኩ።

ወሬው ቀትር ላይ ደረሰ።
አዘነበለች አሉ፤ ተመለሰች አሉ፤
ግማሽ ስንዝር ቀርቷት ውሃ ሊገባ፣ አሉ፣
ቦላ ደረሰች። ፍየሉም። አልጋውም። ሰዎቹም በሙሉ።

ጋዜጣ ገለበጥኩ በሦስተኛው ቀን፤
የክሪኬት ውጤት፣ የሽንኩርት ዋጋ፣ አንድ ሚኒስትር ሪባን
ሲቆርጥ። ስለ እሷ ግን ምንም። ደግሞስ ምን ተብሎ ይጻፍ?
ያልሞቱ ሰዎችን ስም ማን ግድግዳ ላይ ይለጥፍ?

አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። እኔም ጸሐፊ ሆንኩ፣
ባሪሻል፣ ጡረታ ቢሮ፣ መስኮት ሦስት ተቀመጥኩ።
አንድ ሽማግሌ ሰልፉ መሐል ሆኖ
ከፊቱ ያሉትን ይቆጥራል፣ በጣቱ፣ በከንፈሩ፣ ተክኖ።
ተራው ሲደርስ ፋይሉን ከመደርደሪያ አውጥቼ ገለጥኩ፦
የምስጋና ደብዳቤ፣ የለም።
ሹመት፣ የለም።
ዝውውር፣ ስድስት ጊዜ።
አቤቱታ፣ ሦስት።
ሦስተኛው ቀለሙ ወይቦ፣ በአራት የታጠፈበት ተጣሞ፤
የእጅ ጽሑፉ የኔው ነው፤ ከግርጌው ስሜ ቆሞ።

እስካሁን «እሱ» ስለው የኖርኩት ሰው
ምላሴ ላይ «እሳቸው» ሆኑ፤ አልቻልኩም ልመልሰው።
«አባቴ፣ በኢድ ዋዜማ» አልኩ፣ ድምፄ እየሰለለ፣
«ያቺን ያስቆሟትን መርከብ ያስታውሷት የለ?»
ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አሰቡ። ረጅም አሰቡ።

«የትኛዋን?» አሉኝ።

ብድግ አልኩ።
በዚያ ቢሮ ጸሐፊ ለፖሊስ ተነስቶ አያውቅም፤
ሰልፉ ሁሉ ጸጥ አለ።
እሳቸውም ደንገጥ ብለው፣
የቱ ትልቅ ሰው ገባ ብለው፣
ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ።