የሙሜ ጉድጓድ

ጎረቤቴ ሙሜ፣ ሐርላ የሚኖረው፣
ሁለት ዓመት ሆነ ቁልፌን ሲበደረው።
የቤት ቁልፍ አይደለም፣ የሱቅም አይደለም፣
የሽንት ቤቴ ነው፤ እሱ ጋ ግን የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው።
ሚስቱ ዘቢዳ ናት፣ አርብ ለት የማለች፣
«ጉድጓድ ካልቆፈርክ ድሬ እገባለሁ» ያለች።
ሙሜ ዶማ ይዞ ከነፋስ ጀርባ ዞረ፣
ጥግ መረጠና መሬት ቆረቆረ።
አንድ ክንድ ወረደ፤ አፈር ነው፣ ጠጠር ነው።
ሁለት ክንድ ወረደ፤ ዶማው ድምፅ አሰማው።
ድንጋይ ከድንጋይ ላይ፣ በልክ የተመታ፣
በዝናብ በፀሐይ ጭቃው ያልተፈታ፣
የሰው እጅ፣ የሰው ግድግዳ! ምን ሊባል?
አቦ፣ ጉድጓድ ሲፈልግ ሰው ቤት ይገባል!

ልጁ ኢፍቱ ደግሞ ከተደፋው አፈር
ጨሌ ለቃቅማ በናይለን ክር
አንገቷ ላይ አሰረች፦
ቀይ አለ፣ ብጫ አለ፣ የማሽላ ፍሬ አክሎ፣
አንዱ ሰማያዊ፣ ከሁሉ ተነጥሎ።

ወሬ ባጃጅ ይዛ ከተማ ወረደች፣
ከዚራ ጥላ ስር ሻይ ቤት ተቀመጠች፣
በማግስቱ ጠዋት ፒካፕ አስከትላ
ተመለሰች ሐርላ።
አራት ካስማ ተክለው ቀይ ገመድ ዘረጉ፤
«ከዛሬ ጀምሮ አይነካም ይሄ ጥጉ።
ቅርስ ነው፣ የአገር ነው!» «እሺ» አለ ቀና
ብሎ ሙሜ፣ «አገሩ ታዲያ የት ይሽና?»

ሰውየው አልመለሰም። ደብዳቤ ላይ ቁጥር
ጻፈና ጨሌውን ከፌስታል ይቆጥር
ጀመር።
ሃምሳ ሦስት አላቸው። ኢፍቱ ግን ዝም አለች፤
አባቷ ሲቅም እንደሚያብጠው ሁሉ
ጉንጯ በአንድ ጎኑ በትንሹ አብጣለች።

ከዚያ ወዲህ ቁልፌ አንድም ቀን አላረፈ፤
ሌሊት ኳ ኳ ይላል፣ እንቅልፌ ተገፈፈ።
ለኢድ እንግዳ መጥቶ ከጅግጅጋ፣ ከሐረር፣
ሰልፍ ነበር ደጄ ላይ፣ እንደ ኅብረት ሱቅ በር።
ሚስቴ አኮረፈች፤ እኔ ግን ምን ላድርግ?
ጎረቤት ሲቸገር ቁልፍ አይሸሸግ።

የሰማነው ተረት እንዲህ ነው የሚለው፦
ሐርላ ቁመተ ረጅም፣ ዋርካ የሚያህለው፣
አለቱን እንደ ኳስ ከጋራ ጋራ ላይ
የሚቀባበለው፤ ጠግቦ ሽቅብ ሲያይ
ሰማይ ተቆጥቶ ድንጋይ ያደረገው፣
ልጅ ሳለሁ ስጠግብ አባቴ የሚያወሳው።

ዓመት አለፈና፣ ቁልፌም ከዛገ ወዲያ፣
ዶክተር ንጋቷ መጣች፣ በብሩሽ በማንኪያ
የምትቆፍር ሴት።
«በማንኪያ ከሆነ» አለኝ ሙሜ በሳቁ፣
«ኢፍቱ ትዳራለች በፊት ከማለቁ።»
ቀስ በቀስ ከአፈሩ በር ብቅ አለ፣ ጠባብ።
ሙሜ ጎንበስ ሳይል ሊገባበት ሲያስብ
ጉበኑ ግንባሩን ኳ! አደረገለታ።
ግዙፍ የተባለው፣ የተረቱ ጌታ፣
ለካስ ከሙሜ እንኳ በስንዝር ያጠረ፣
ማታ ቤቱ ሲገባ የሚያጎነብስ ነበረ።

ከበሩ ወዲያ ማዶ፣ ከነፋሱ ጀርባ፣
ክብ ጉድጓድ ተገኘ፣ ጥላሸት የተቀባ።
«ወርቅ ነው?» አልናት። ሳቀች፣ ዐይኗ በራ፦
«ከወርቅም ይበልጣል፤ ስባሪ እንስራ፣
የፍየል አጥንት፣ አመድ፣ የቤቱ እዳሪ ነው።
ይኼ ሰውም ጉድጓድ እዚሁ ነው የማሰው።»

ዝም አለ ሙሜ። ነፋሱን አሸተተ፣
ከበሩ እስከ ጉድጓዱ በእርምጃ ገመተ፤
«ቦታ ያውቅ ነበር» አለ፣ እንደ ጎረቤት፣
አሁን ከመስጊድ ደጅ እንደተለየው ዓይነት።

ዛሬ ማታ ደግሞ ቁልፌን ሊመልስ መጣ።
ታች ድሬ ይታያል፣ መብራቱ ተሰጥቶ
እንደ እህል በሰፌድ፣ እንደ እህል በአውድማ፤
መሃል ላይ ደቻቱ፣ አሸዋው ጨለማ።
ኢፍቱ ከኋላው ናት። ዘንድሮ አድጋለች።
ሰማያዊ ጨሌ መዳፌ ላይ ጣለች፣
በላቧ የሞቀ።
«የጠፋባት ልጅ» አለች፣
«ያን ለት እናቷ መታቻት ይሆን?»

እኔ ምን አውቃለሁ?
ጨሌዋን መለስኩኝ፣
ቁልፉንም ጨመርኩኝ።