ደቻቱ መጥሪያ አልተቀበለም

አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ከኒሟ ጥላ ሥር፣
ከከዚራ ችሎት፣ ከግቢው አጥር ዳር፣
በአሮጌ መኪና ራፖር ስከትብ፣
ጣቴ ቀለም ጠገበ፣ ጆሮዬም ተረብ።

«ደቻቱ ሞላና ጠበቃ ወሰደ፣
መቶ ክንድ ሳይሸኘው ተፍቶት ወረደ።
‹ምነው?› ቢሉት ወንዙን፣ ምን ቢል ጥሩ ነው?
‹ልውጠው ነበረ፣ በዛ ቀጠሮው!›»

ይኼ የሙሜ ነው፣ የባጃጅ ሾፌሩ።
የኢፍቱ ደግሞ አለ፣ ሐብሐብ ሻጭ ከበሩ፦
«ሐብሐብ መታ አርገህ ብስሉን ታውቃለህ፤
ጠበቃን ስትመታው ኪስህን ትሰማለህ።»

እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ እዚህ በር ላይ ሲያዩት
ሳቅ ብቻ ነው ቴምብር የማይለጠፍበት።

ግን አንድ ግንቦት ላይ፣ አስፋልቱ ሲቀልጥ፣
ጎማው እንደ ማስቲካ ሬንጁን ሲያላምጥ፣
ሙሜ መጣ እኔ ጋ፣ ሳቁን ቤቱ ትቶ።
ጎርፉ የወሰኑን ድንጋይ ከሥሩ ጎትቶ
ወስዶበት ኖሯል፤ ታላቁ ኢብሮ መጥቶ
አጥር አጥሮበታል፣ ስድስት ክንድ ገፍቶ።

«ጻፍልኝ» አለኝ። ጻፍኩ።
«ምስክርህ ማነው?» ብለው፣ «ወንዙ ነዋ» አለኝ፤
ደቻቱን ግን መጥሪያ ማን ይዞ ይሂድልኝ?
ሲሞላ ይጮኻል፣ ሲነጥፍ አሸዋ ነው፤
እንዲህ ያለ ምስክር ማን አምኖ ሊሰማው?

ጠበቃ አሰግድ ጋ ይዤው ሄድኩ በማግስቱ፤
እጀታው የተላጠ ቦርሳ፣ በዚያ ሙቀት ከነኮቱ።

ችሎት የገባን ለት ሙሜ ቀልድ አላለም፤
የኮቱን ጫፍ ይዞ ቀና ብሎ አላየም።
ዳኛው «ምን ትላለህ?» ሲሉት አፉ ደርቆ፣
ያ ሁሉ ቧልተኛ፣ ምላሱ ተጣብቆ፣
ኢብሮን አየው። ኢብሮም አየው።
በአንድ ሰሌን ያደጉ፣ አንድ ጡት የጠቡ ናቸው።

አሰግድ ተነሣ። «ክቡር ፍርድ ቤት» ብሎ
የሙሜን ንዴት አቀረበው፣ በአንቀጽ ጠቅልሎ።
«ወንድሜ ቀማኝ» የሚለውን፣ ጉሮሮ የሚቧጥጠውን፣
ሙሜ ሌሊት ሌሊት ለግድግዳ የሚነግረውን፣
እሱ አለለት። በዚያች ሰዓት
ኢብሮ በማን ላይ አፈጠጠ? በጠበቃው ፊት።

ያኔ ገባኝ ነገሩ፤
ዓመት ሙሉ የሰማሁት የተረቡ ሥሩ።
በዳኛ አይቀለድ፣ ወንበሩ ከፍ ይላል፤
በፖሊስ አይቀለድ፣ ቆመጡ ይሰማል፤
በወንድም አይቀለድ፣ ነገ አንድ ቃሬዛ ያሸክማል፤
በራስማ — ያማል።
የቀረው ጠበቃ ነው፦ አፉን ያከራየን፣
ክፉ ቃላችንን ብሎልን፣ ደግ ያስመሰለን፣
ከዚያም በትሕትና ደረሰኝ የሰጠን።

እሱም ያውቀዋል መሰለኝ። ሻይ ስንጠጣ ከኒሟ ሥር
በስሙ ይጫወታል፣ ልክ እንደ ሌላው መንደር፦
«ፍታው» ይለኛል፣ «‹ጠብ በቃ› ማለት ነው»፤
«አይ» እለዋለሁ፣ «‹ጠብቅ› ነው ሥሩ፤ ይኸው ስንት ዓመቴ ነው!»

ስድስቱ ክንድ መሬት ለሁለት ተቆረሰ፤
ማንም አልረካበት፣ ማንም አላለቀሰ።

ነሐሴ ላይ ደቻቱ ሞላ። ከተማው ድልድዩ ላይ ወጣ።
ሙሜ ባጃጁን አቁሞ፣ ኢብሮም በእግሩ መጣ፤
ጎን ለጎን ቆመው ጎርፉ ጎማና ቆርቆሮ ሲነዳ
ያያሉ። ዝም ብለው። እንደ ባዳ።
ከዚያ «ጠበቃ ወሰደ» አለ ታናሽየው፤
ታላቁም ሳይዞር፣ «ምን ቢል ጥሩ ነው?»
አንዱ ጀመረ፣ አንዱ ጨረሰው፤
ሳቁ ሁለቱንም በወገብ አጎበሰው።

አሰግድ ሲያልፍ ሰማ። ቆመ፤ ቦርሳውን ወደ ግራ አዛወረ፤
ምንም አላለ። ቀጠሮ አለበት፤ በረረ።
ራፖር ጸሐፊ ነኝና መዝግቤ ይዣለሁ፦
ለዚህ ሥራው ብቻ ደረሰኝ ሲቆርጥ አላየሁ።