ሁለት ጣት

ፒያሳ ዳገት ሥር፣ ከፋርማሲው በር፣
«ጋሼ፣ ልመዝንዎ፣ አምስት ብር፣ አምስት ብር!»
ጫማዬን ፈትቼ ወጣሁ እየሳቅሁ፤
መርፌዋ ስትቆም ሳቄን መልሼ ዋጥሁ።
ዘጠና ስምንት ኪሎ!
አነበበው ኑርዬ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣
«ማሻ አላህ» የምትል ምርቃት አክሎ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ሜትር ባንገቴ፣
የሰው ወገብ ለካሁ፣ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፤
የራሴን ሱሪ ግን፣ ኢድ መጥቶ ኢድ ሲመለስ፣
ሁለት ጣት፣ ሁለት ጣት፣ ሌሊት እየፈታሁ
«ውሃ ነው ጨርቁን ያጠበበው» እላለሁ።
ሆዴ ከስፌት መኪናው ጠርዝ ጋር ሲጋፋ፣
ወንበሬን ወደ ኋላ ስገፋ፣ ስገፋ፣
መርፌው ከእጄ ራቀ።

ሀያት ልጄ ሰማች፤ ከኮምቦልቻ ደውላ
የሰባት ቀን ምግብ አዘዘች በመላ፦
ጠዋት ትኩስ ውሃ በሎሚ፣ ያለ ስኳር፤
ምሳ ላይ ጎመን፤ ዳቦ የሚባል ይቅር፤
«ማታ ማታ ደግሞ፣ አባ፣ ዳገት ትወጣለህ።»
ደሴ ላይ፣ ልጄ፣ ዳገት ካልወጣህ የት ትደርሳለህ?

ሰኞ፣ ከሰኞ ገበያ፣ ጥቅል ጎመን ገዝታ
ሰዓዳ ገባች፤
«ይሄ ለበጉ ነው?» አለች፣ በግ እንደሌለን ረስታ።
ካሮት ከተፈች፣ ነጭ ሽንኩርት ደቆሰች፣
ያለ ቁሌት፣ ያለ ዘይት፣ በባዶ ውሃ ጣደች፤
«ሾርባ» ብላ አቀረበች።
እኔ ሳየው ግን
መስኮቱ ላይ የተኛው የጦሳ ጉም ነው፣
ጨው ነስንሳበት በሳህን የቀዳችው።

ማክሰኞ እንቁላል፣ ቅቅል፣ ያለ አስኳል።
ምኑ ነው ደግሞ ይሄ? ገበር የሌለው ኮት ይመስላል።
አስኳሉን ድመቷ በላች፤
በልታም ተመቻችታ ጭኔ ላይ ተኛች።
ሌሊት፣ ሐረጎን የሚወርድ ሲኖትራክ መስሎኝ ባነንሁ፣
የገዛ ሆዴ ነበር፤ ተመልሼ ተኛሁ።
በሕልሜ ገንፎ መጣ፣ መሐሉ ቅቤ ያቆረ፣
ማንኪያ ስዘረጋ ጎህ ቀደደ፣ ቀረ።

ረቡዕን ተዉት።
የአቶ ደምሌን ኮት
ግራውን እጅጌ በቀኝ ገጥሜ፣
ስፈታ ዋልኩኝ ራሴን ታምሜ።

ሐሙስ ዕለት ዓሣ ከሐይቅ መጣ፣
ከሰል ላይ ዋለ፣ በሎሚና በሚጥሚጣ፤
ሰዓዳ አንድ ቆርሳ «ይሄስ ምግብ ነው» አለች፣
እሾሁን ልትለቅምልኝ አጠገቤ ተቀመጠች።
ካንድ ትሪ ሳንቸኩል የበላነው መቼ ነበር?
እሷ ጓዳ ስትል፣ እኔ ሱቅ ስል፣ ስንቀር።

ዓርብ፣ ከጁምዓ ስንወጣ፣ የጎረቤት ሰደቃ።
እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ጠግቤአለሁ» አልሁ፣
አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እየዋሸሁ።
ጉርሻ መጣ።
አንድ ጉርሻ ያጣላል፤
ከማን ጋር ልጣላ? ሁለተኛውን ዋጥሁ ለሰላም ስል።

ቅዳሜ፣ ከሐፍረት የተነሳ፣ ውሃ ብቻ ጠጣሁ፣
ደግሞ ግማሽ ፓፓያ።
እሺ፣ ሙሉ ፓፓያ በላሁ።

እሑድ፣ ፒያሳ፣ ያው ሚዛን፣ ያው ልጅ።
ዘጠና ስድስት ተኩል።
«ቀነሱ እኮ!» አለኝ፣ ከኔ ይልቅ ደስ ብሎት።
«አንተስ ስንት ነህ?» አልኩት።
«እኔ?» አለና ሳቀ። «እኔማ መዛኝ ነኝ።»
ዓመት ሙሉ ሰው ሲመዝን አንድ ቀን አልወጣበትም።
አምስት ብር ሰጠሁት፣ ለራሱ ሚዛን፤ «ውጣ።»
የላስቲክ ጫማውን አውልቆ፣ ትንፋሹን ይዞ ወጣ፤
መርፌዋ ትንሽ ተንፏቃ ሠላሳ ላይ ቆመች።
ጮክ ብዬ አላነበብኩም።

ኪሴ ውስጥ ምሳዬ ነበር፣ ሁለት እንቁላል፤
አንዱን እሱ ላጠ፣ አንዱን እኔ፣
ከነአስኳሉ፣ ሀያት እንዳትሰማ።
ዓይኔ በልማዱ ወገቡን ለካው፤
በሲባጎ ነው ሱሪው የታሰረው።
«ነገ ሱቄ ና» አልኩት፣ «አዲስ እሰፋልሃለሁ፤
ጠርዙ ላይ ሁለት ጣት ትርፍ እተዋለሁ።»