ከአስፋልቱ ሥር

ሚላኖ፣ ትራሙ በሚታጠፍበት፣
ጠዋት ዝናብ ጥሎ አስፋልት ባራሰበት፣
ጆሮዋን አዘንብላ ቆማለች አንዲት ሴት።
ኤርሲሊያ ትባላለች፤ የልብስ አጣቢ ልጅ፤
«መንገድ» አትለውም፤ «ቦይ» ትለዋለች እንጅ።

ወንዝ አልነበረም፤ ምንጭም አልወለደው፤
ዶማና አካፋ ነው አፈር የቀደደው።
እጁ የተላጠ፣ ጎኑ የጎበጠ፣
ስሙን ሳያስጽፍ ጭቃ ውስጥ የሰመጠ፣
ስንቱ ነው ቆፋሪ፣ ለቁራሽ ዳቦ ሲል
ውኃን ያስተማረው በከተማ መዋል!

ከዚያ ድንጋይ መጣ፤
ከሰሜን ተራራ የወረደ ዕብነ በረድ፣
በጀልባ ተጭኖ፣ ቀረጥ ሳይከፍል ሲነጉድ።
ፈረሶቹ ከዳር ገመድ እየሳቡ፣
ባዶውን ሽቅብ ይዘው በጉም ውስጥ ሲገቡ።
ካቴድራሉን ያየ ሁሉ አደነቀ፤
የተሸከመውን ግን ማን ብሎ ጠየቀ?

እናቷ ታውቀዋለች፣ በጉልበቷ።
በታኅሣሥ ውርጭ ሣጥን ውስጥ ተንበርክካ፣
አመድና ሳሙና በጣቷ ስንጥቅ እየገባ፣
የዳኛውን ሸሚዝ፣ የጋለሞታዋን ቀሚስ
ባንድ ውኃ ነው ያጠበችው።
ውኃው አልመረጠም።

ኋላ «ሸተተ» ተባለ። እውነት ነው፣ ሸትቷል፤
ከተማው የራሱን ጉድፍ ጥሎበታል።
ወረቀት ተፈረመ። ጋሪ አፈር አራገፈ።
ጋውዴንዚዮ፣ ጀልባ ቀዛፊው፣
የመጨረሻዋን አሸዋ ካወረደ በኋላ
ባርኔጣውን ውኃው ላይ ጥሎ ሄደ።
ባርኔጣው ሦስት ቀን እዚያው ሲዞር ነበር፤
ውኃው መሄጃ አጥቶ።

እኛ ዘንድ «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይባላል፤
ውኃን ሲወስዱትስ?
እሱንም እያሳሳቁ ነበር፦
በማርሽ ባንድ፣ በሪባን፣ በረጅም ንግግር።
ኤርሲሊያ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ፤
ከረሜላ ሰጧት፣ ሳቀች።
እናቷ አልሳቀችም። ሣጥኗን በብብቷ ይዛ
«ነገ የት ልንበርከክ?» አለች፤
ማርሹ ድምፅዋን ዋጠው።

ይኸው ትራሙ መጣ፤ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤
አሮጊቷ በከዘራዋ አስፋልቱን መታ መታ አርጋ
«ሰማህ?» አለችኝ።
አልሰማሁም።
ግን እግሬን አነሣሁ፣
ጫማዬ እንዳይርስብኝ።