ውሃ ልክ

ቱሉ ዲምቱን አልፎ፥ አስፋልቱ ሲቆረጥ፥
ፎቅ ከጤፍ ማሳ ላይ ብቅ ብሎ ሲፈጥጥ፥
ሦስተኛው ወለል ላይ ተንበርክኬ ነበር፤
ለጸሎት አይደለም፤ ሴራሚክ ለመደርደር።
ስፖንጅ ጉልበቴ ላይ፥ ኮላ ጥፍሬ መሀል፥
ውሃ ልኩ ውስጥ ያለችው የአየር እንቁላል
እመሀል እስክትቆም ትንፋሼን ውጬ፥
በጎማ መዶሻ ቀስ አድርጌ ቀጥቅጬ።

"ለሠላሳ ቀናት ሙከራ" ነው ውሉ፤
"ከወደድን ደግሞ ትቀጥላለህ" አሉ።
"ሠራተኛ አይደለህም፤ ተቋራጭ ነህ፥ ጌታ"
አለኝ ሚልኪያስ፤
ስሙ ማዕረግ መስሎኝ ፊቴ ተፈታ።
ለሚስቴ ደወልኩላት።
"ተቋራጭ?" አለችኝ፥ ዝም አለች ጥቂት፤
"ቆራጩስ ማን ይሆን፥ የተቆረጠ ለት?"

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፥ ከምሳ በኋላ፥
ወርዶፋ በባልዲ ሲያቦካልኝ ኮላ፥
ሚልኪያስ ገብቶ ቆመ ካልደረቀው መሀል፤
ጫማው ያረፈበት እስከ ዛሬ ይታያል።
"ባለቤቱ ሐሳቡን ቀይሯል። ዕቃህን ሰብስብ።"
"ጠምሞብኝ ነው ሥራው?" ውሃ ልኬን ዘረጋሁለት።
አልተቀበለኝም።
"ሥራህማ ጥሩ ነው።
ግን ሙከራ ነበር፤ አላለቀም ገና፤
ያላለቀ ነገር አይከፈልምና።"

ቆጠርኩለት፦ መቶ አርባ ሁለት ካሬ፤
የደረጃው ዞኮሎ ሳይገባ በቁጥሬ።
የመቁረጫው ዲስኮች ሁለቱም የኔ ናቸው፤
የወርዶፋን ቀኖች እኔ ነኝ የከፈልኳቸው።
"ከፈለግህ አፍርሰው" አለና ወረደ።

መዶሻዬን አየሁ።
ወርዶፋም እኔን አየኝ።
ቀጥ ብሎ ለተኛ ንጣፍ መዶሻ ማንሳት
የሱን ቤት አይደለም፥ የራስን እጅ ነው መምታት።
ዕቃዬን ጠቀለልኩ።

ማግስቱን ተሰለፍኩ አሠሪና ሠራተኛ።
"ተቋራጭ ነህ" አለች ልጅቷ፤ "አይደለንም እኛ፤
ፍርድ ቤት ሂድ፥ በፍትሐ ብሔር።"
ያ የወደድኩት ስም
ዞሮ በር ዘጋብኝ።

ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላዋን ተክላ፥
አያልነሽ ትጽፋለች ከላፕቶፗ ኋላ።
"ስንት ቀን ሠራህ?"
"አሥራ ዘጠኝ።"
"የቀረህስ?"
"አሥራ አንድ። እሱን አልጠይቅም።
ያልነጠፈ ወለል አላስከፍል እኔ፤
የተነጠፈው ግን በካሬ ነው የኔ።"

አትማ ሰጠችኝ። ሳነበው፥ ሦስተኛው መስመር ላይ፥
"የመከራ ውል" ይላል፤
ከፊደሏ ጎን የምትወጣ አንዲት ጭረት ጎድላ።
ወርዶፋ ሳቀ፦ "ተዋት፤ እውነቷን ነው፤ ትቆይ።"
ልተዋት ነበር።
ግን ያቺ የአየር እንቁላል ትዝ አለችኝ፥
በፀጉር ታህል ስታዘነብል።
"አስተካክይው" አልኳት፤ "ዳኛ ለቅኔ ብር አይፈርድም።
ሙከራ በይው።
አሥራ ዘጠኝ ቀን፥ መቶ አርባ ሁለት ካሬ፥
የሁለት ዲስክ ዋጋ።
ከዚህ አትጨምሪ፤ ከዚህም አትቀንሺ።"

"ስልሳ ብር" አለች።
ከፈልኳት፥ ሳልከራከር።
ነገ ፍርድ ቤቱ ምን እንደሚል አላውቅም፤
እሷ ግን ሠርታለች።