ቁጥር ሁለት

የካቲት ነው፣ ሳስካቱን። ወንዙ ከዳር እስከ ዳር በረዶ ሆኗል፣
የማተሚያ ቤቱ መስኮት ከውስጥ በኩል ውርጭ አብቅሏል።
አቶ ይርዳው ገቡ፣ ጓንታቸውን በጥርሳቸው እየሳቡ፣
በኪሳቸው ፍላሽ፣ በብብታቸው የታሰረ ወረቀት።

«ዓይኔ ነው» አሉኝ ከሰላምታ በፊት።
«ሠላሳ አንድ ዓመት የስንዴ ፍሬ መርምሬበት፣
ከሺህ ፍሬ መሀል አንዷን ውርጭ የነካት
ከነጠባሳዋ ለይቼ ያወጣሁበት፣
ይኸው የገዛ መጽሐፌን ማንበብ አቃተው።
መነጽር ሁለቴ ቀየርኩ። ሐኪሙም ሞራ ነው ብሎ
ለመጋቢት ቀጠረኝ።
አንቺ ግን እስኪ እይው።»

ፋይሉን ከፈትኩት።
ዕድሜው ከእኔ ጥቂት ቢያንስ ነው፤
በጨረታ በተገዛ ኮምፒውተር፣
ማታ ማታ፣ ከጎተራው ሲመለሱ
ፊደል በፊደል የለቀሙት።
ገጹ ጭጋግ ለብሷል፤
ሰማ ሸማ ይመስላል፣ ዳኛው ዳና፣
ኘ ቆቡን ጥሏል፣
ጀ ከደ ጋር ተቃቅፎ ተኝቷል።

አጎላሁት። አራት እጥፍ፣ ስምንት እጥፍ፤
ፊደሉ ፈራርሶ እንደ ተናደ ካብ
ጥቁር ጠጠር፣ ግራጫ ጠጠር፣ ባዶ።

«አባቴ፣ ዓይንዎ አይደለም» አልኳቸው።
«ይኼ ፊደል የተሠራው በጠጠር ነው፤
በአንዲት ኢንች ሦስት መቶ ቆጥረው ደርድረውት፣
ለዚያ ዘመን ማተሚያ፣ ለዚያ ልክ ብቻ።
ሲያሳድጉት አያድግም፤ ጠጠሩ ነው የሚያብጠው።
የምንፈልገው መንገዱን የሚያውቅ ፊደል ነው፣
‹ከዚህ ተነሣ፣ እዚህ ጋ ጉበጥ፣ እዚያ ቁም› የሚል፤
እሱ ትንኝ ቢያክል፣ ግድግዳ ቢያክል፣ ያው ነው።»

ዝም አሉ። ቆይተው፣
«እንግዲያ ሐኪሙ ውሸታም ነው?»

የተቀየረው አንድ መስመር ነበር።
መስመሩን እስካገኘው ግን ሦስት ምሽት ሄደ፤
አንዱ ፋይል ሌላውን አላውቅህም እያለ፣
ፕሮግራሙ ፍለጋ ሲሰለቸው በጓሮ ዞሮ
ያንኑ አሮጌ ጠጠር እየተሸከመ ሲመጣ።
በአራተኛው ቀን አሮጌውን ከነምናምኑ አጠፋሁት።
አስኬድኩት። እንደገና። ለሦስተኛ ጊዜ፣
ማውጫው የገጹን ቁጥር እስኪያምን ድረስ።

ጠራ።
ኘ ቆቡን ደፋ፣ ጀ ብቻውን ቆመ፣
ጥቁሩ ጥቁር፣ ነጩ ነጭ፣ ድንበሩ ምላጭ።

መጥተው ሲያነቡ ገጽ ስልሳ አንድ ላይ ጣታቸው ቆመ።
«በዚያ ዓመት በጎተራው ሥራ ደመርኩ» ይላል።
ደመርኩ።
ብዥታ የለበትም፤ ፊደሉ ሙሉ፣ ጠርዙ ንጹሕ፣
ስሕተቱም ንጹሕ።
ሃያ ስድስት ዓመት ጭጋጉ ሸፍኖላቸው
አንባቢ ሁሉ ጀመርኩ ብሎ አልፎት ነበር።

ሳቁ፣ ትከሻቸው እስኪነቀነቅ።
«ላርመው?»
«ውሸትም አይደል እኮ፤ ሥራ ስጀምር
ማታ ማታ የምደምረው ደመወዜን ብቻ ነበር።
ግዴለም፣ አርሚው።»

ከዚያ ያቺን የሥራ ዘመን ማጉያ ከኪሳቸው አወጡ፣
የታተመውን ገጽ እንደ ፍሬ ወደ መብራቱ አዘነበሉ፣
የመን አንገት፣ የሐን ሦስት እግር
አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ።
«ቁጥር ሁለት» አሉ።
«ምነው?» አልኩ፣ ኩርፊያ ቢጤ ይዞኝ።
«ቁጥር አንድ በዕድሜዬ የሰጠሁት ጥቂት ነው።
ቁጥር ሁለት ጥሩ ዳቦ ይወጣዋል፣ ምንታምር።»

ቀጠሮውን ግን አልሰረዙም።
መጋቢት ላይ ደወሉ፣ አንድ ዓይናቸው ታሽጎ፤
ለካ ሁለቱም ነበር።