የግርጌ ማስታወሻ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ደብረ ብርሃን ገና ውርጩን ሳያራግፍ፣
ብርድ ልብስ ነጋዴ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ሳይቆም በሰልፍ፣
እኔ ክፍል አለሁ፤ ዓለም አቀፍ ሕግ፣ ሁለተኛ ዲግሪ፤
ከሰኞ እስከ ዓርብ የሞላሌ ዳኛ፣ ቅዳሜ ተማሪ።

ጣቴ እስኪፍታታ እስክሪብቶው አይጽፍም፤ መምህሩ ግን ጽፏል፤
በነጭ ጠመኔ፣ ሰሌዳው መሃል ላይ አንድ ወንዝ ይፈስሳል።
"ወንዙ ቀስ እያለ፣ አፈር እየላሰ፣ በዓመት በዓመቱ
ከተንፏቀቀ እንደሁ፣ ድንበርም ይሄዳል ተጣብቆ ካንገቱ።
በአንድ ሌሊት ጎርፍ ግን ቦዩን ጥሎ ወንዙ ከኮበለለ፣
ድንበር አይከተል፤ በደረቀው ቦይ ላይ ይቀራል እንዳለ።"

ሌላው በደብተሩ ሁለት መንግሥታትን፣ ካርታ ነው የሣለው፤
በኔ ደብተር ጫፍ ላይ "ትርንጎና ዳምጠው" የሚል ነው ያለው።

ትርንጎ አክስቴ ናት።
ማሳዋ ከግርጌ፣ የአያ ዳምጠው ከራስጌ፣
መሃል ሸርተቴ ወንዝ፣ ግብሩ ስሙን የሚመስል፣
ክረምት የሚፎክር፣ በበጋ የሚያስል።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በቡሄ ዋዜማ፣ ሸርተቴ ሸፈተ፤
የአክስቴን ገብስ ማሳ እንደ ሙልሙል ቆርሶ ቁልቁል ተጎተተ።
ሁለት ጥማድ መሬት ማዶ ሆኖ አደረ።
"ወንዙ ነው ድንበሩ፤ ከሰማይ ተሟገቺ"
አለ አያ ዳምጠው፣ ቀንበር እያሠረ።

መዝገቡ እኔ ጋ መጣ፤ ዝምድናን ቆጥሬ ከችሎት ተነሣሁ፤
ሽማግሌ ሲቀመጥ ከጥዱ ሥር፣ እኔም ዳር ቆሜ አየሁ።

እንግዳሸት የሚሉት፣ ዓይኑን ሞራ ያለበሰው፣
አንድ ጥያቄ ብቻ አነሣ፤ "ዳምጠው፣
ወንዙ ሲሄድ አይተኸው ነበር?"
"ኧረ ተኝቼ ነበር።"
"እንግዲያው ስማኝማ፤
ወንዝ በቀን፣ ሰው እያየው፣ ተሰናብቶ ከሄደ፣
የድንበሩን ጓዝ ጭኖ በደንቡ ወረደ።
በሌሊት የሄደው ግን ሌባ ነው፤ የሌባ ዱካ ደግሞ
መቼ ድንበር ሆኖ ለሰው ተፈረደ?"

ሦስት ወር ቤተ መጻሕፍት አቧራ ያስቃመኝ ያ ሁሉ ነገር
ጥሬ እየቆረጠመ፣ በአንድ ትንፋሽ አለቀ፣ ከጥዱ ሥር።

ጻፍኩት። ወደ እንግሊዝኛ ስመልሰው ግን ጠፋብኝ ዱካው፤
ሌባው ብቻ ቀረ፣ ወረቀት መሃል ላይ፣ መንገድ የጠፋው።

በሰኔ መጨረሻ፣
ሦስት ፈታኝ፣ አራት የታሸገ ውሃ፣ ክራቫት ያነቀኝ እኔ።
"ገጽ ሰማንያ ሁለት፣ ይህ ሐሳብ" አሉኝ፣ "ምንጩ ከወዴት ነው?"
ምንጩማ፣ አልኩ በልቤ፣ ከጥዱ በላይ ነው፤
ከጥቁር ድንጋይ ሥር፤ በጋም አይነጥፍ፣ ከብትም ይጠጣዋል።
"ደራሲው ማን ይባላል?"
"እንግዳሸት…" ብዬ ቆምኩ።
የአባቱን ስም ለካ ጠይቄ አላውቅም፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደጁን ስረግጥ ኖርኩ።

ተመካከሩና፣ "ይሁን፣ አይጣል" አሉ፣ "ግን ከዋናው ወጥቶ
ከግርጌ ይቀመጥ፣ በደቃቅ ፊደል፣ በቁጥር ተመልክቶ።"
"በቃል የተገኘ፤ ከአንድ አዛውንት፤ መንዝ።" በዚሁ አለፍኩ።
ውጤት፦ በጣም ጥሩ።

መስከረም ሲጠባ ጥራዙን ይዤላት ሄድኩ ለአክስቴ።
"እስቲ የኔ መሬት የቱ ጋ ነው?" አለች።
ገጽ ሰማንያ ሁለትን ገለጥኩና፣ ወርጄ፣ ወርጄ፣
ከመሥመሩ በታች፣ ጉንዳን የሚያክለውን አሳየኋት በጄ።
ፊደል አትቆጥርም፤
እጇን ዘረጋችና ከዳር እስከ ዳሩ ለካችው በስንዝር፤
አንድ ስንዝር አልሞላም።
"ውይ" አለች፣ "ይሄ ጠቧል እኮ፤ ማን ገፋብኝ ድንበር?"